ልጅ ለእናቷ ምጥ ስታስተምር፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስለ እርግዝና ክትትል ምን ማወቅ አለባት?

በአዲስ አበባ ዳርቻ ቱሉ ዲምቱ ውስጥ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ አልቀው የጭቃ ቤቶቹ በሚጀምሩበት ሰፈር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቷል። ረከቦቱን ከበው ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስለ እርግዝና ክትትል ማስረዳት ስትጀምር፣ ስድስት ልጆች የወለዱት የቤቱ ባለቤት ሲኒ እያቀበሏት «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!» ብለው ተረቱባት። ሁሉም ሳቁ። ልጅቷም ሲኒውን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ «እማማ፣ ምጡንስ እርስዎ ያስተምሩኛል፤ እኔ የመጣሁት ከምጡ በፊት ስላሉት ወራት ልንገራችሁ ብዬ ነው» አለቻቸው።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በዚያ ቀን አብሬያት የሄድኩት የክትትል ቀጠሮዋን ያሳለፈች አንዲት እናት ፍለጋ ነበር። የልጅቷ መልስ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እውቀት ሲመዘን ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት የፈተና ዓይነት ጥያቄ ነው፦ ስንት የአደጋ ምልክት ትቆጥሪያለሽ? ክትትሉ ስንት ጊዜ ነው? ይህ መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁሉንም ምልክት በቃሏ የምትወጣ ባለሙያ ከቤት ወጥታ ስትሄድ እናትየዋ ዘንድ ምንም ሳይቀር ሊቀር ይችላል። እኔ የምከራከረው እውቀቱ መለካት ያለበት እናትየዋ ዘንድ በሚቀረው ነው ብዬ ነው።

ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር መነሻው ገጠር ነበር። 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመደቡ። ለከተማ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲከተል በነርስነት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ቤት ለቤት መሄድ ጀመሩ። የአዲስ አበባ ዳርቻ ግን አድራሻው ከተማ፣ ኑሮው ግማሽ ገጠር ነው። አንዲት ባለሙያ በምትሸፍነው ሰፈር ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር የባንክ ሠራተኛ፣ በግንባታ ቦታ አሸዋና ድንጋይ የምታመላልስ የቀን ሠራተኛ፣ ከገጠር መጥታ ስድስት ወር ያልሞላት የቤት ሠራተኛ፣ መሬታቸው በከተማው የተዋጠባቸው የገበሬ ቤተሰቦች አሉ። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ንግግር አይሠራም።

ቁጥሮቹን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ግምቱ ወደ 412 ወርዷል። ለዚህ መሻሻል የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እግር ብዙ ደክሟል። ሆኖም በዚያው በ2016ቱ ጥናት ቢያንስ አንድ ጊዜ በጤና ባለሙያ የታዩት ነፍሰ ጡሮች ከ100 ወደ 62፣ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የታዩት ወደ 32፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ደግሞ 20 ያህል ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ቁጥሮቹ ከፍ ብለው 74፣ 43 እና 28 ደርሰዋል። አዲስ አበባ ለብቻዋ ስትታይ ከ100 ከ90 በላይ እናቶች ቢያንስ አንድ ጊዜ ይታያሉ፤ ስለዚህ «አዲስ አበባ ችግር የለም» የሚል ብዙ ነው። አማካይ ቁጥር ግን ዳሩን ይሸፍናል። ቦሌና ፒያሳ ያለችው እናት ከቱሉ ዲምቱ የጭቃ ቤቶች ተከራይ ጋር አብራ ስትደመር፣ የተከራይዋ በስድስተኛው ወር መምጣት አይታይም።

በስድስተኛው ወር መምጣት ለምን ያሳስባል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ቀድሞ አራት ጊዜ የነበረውን ክትትል ወደ ስምንት አሳድጎታል፤ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም ይህንኑ ተቀብሎ መመሪያውን አሻሽሏል። የመጀመሪያው ከ12ኛው ሳምንት በፊት ነው፤ ከዚያ በ20፣ በ26፣ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40 ሳምንት ይቀጥላል። ቀጠሮዎቹ ወደ መጨረሻው የተቀራረቡት አደጋው የሚበረታው ያኔ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ቀጠሮ ግን ለሌሎቹ ሁሉ መሠረት ነው። የደም ግፊቷ ከእርግዝናው ጫና በፊት ስንት ነበር? የደም ዓይነቷ ምንድን ነው? ደም ማነስ አለባት? የኤች አይ ቪ፣ የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ምርመራዋስ? ቂጥኝ በጊዜ ከተገኘ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል፤ ኤች አይ ቪም ቢገኝ እናትየዋ መድኃኒቱን ቶሎ ከጀመረች ልጇ ከቫይረሱ ነፃ ሆኖ የመወለድ ዕድሉ እጅግ ሰፊ ነው። ሁሉም «ቶሎ» በሚለው ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ለዚህ የእርግዝናው ዕድሜ መታወቅ አለበት። የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበት ቀን ይጠየቃል። እዚህ ላይ ጎበዟ ባለሙያ ከሌላዋ ትለያለች። «ቀኑ ስንት ነበር?» ተብላ የተጠየቀች ሴት ብዙ ጊዜ «እንጃ» ትላለች። «ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ ከገባ በኋላ?» ስትባል ግን አፏን ሞልታ ትመልሳለች፦ «ጾሙ በገባ በአምስተኛው ቀን!» እንግዲህ ነሐሴ 5 ነው ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዘጠኝ ወርና 10 ቀን ይጨመራል፣ መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች ግን በ10 ፈንታ 5፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች 4 ይጨመራል። ጳጉሜን አምስት በምትሆንበት ዓመት የነሐሴ 5ቷ እናት መውለጃ ግንቦት 10 አካባቢ ይሆናል። በእርግጥ በቀኑ የምትወልደው ጥቂቷ ናት፤ ግምቱ ግን የቀረውን ቀጠሮ ሁሉ ያስይዛል።

ሴቶች ዘግይተው የሚመጡት ባለማወቅ ብቻ አይደለም። በባህላችን እርግዝና ሳይታይ አይወራም፤ ዓይን ይፈራል፣ ቢወርድስ የሚል ስጋት አለ። በከተማው ዳርቻ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ይጨመራል። ተከራይዋ ማርገዟ ከታወቀ አከራይ ቤት ልቀቂ ሊላት ይችላል፤ የቀን ሠራተኛዋ ሆዷ ከታየ ነገ የሚጠራት አታገኝም። እንዲህ ያለችውን ሴት ጎረቤት በተሰበሰበበት «እርጉዝ ነሽ እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ማባረር ነው። ይህን ማወቅ በየትኛውም የሥልጠና ማስታወሻ ላይ በደማቅ ቀለም ተጽፎ አላየሁም፤ ከአደጋ ምልክቶቹ እኩል ሊጻፍ ይገባ ነበር። ሥራዋን የምታውቅ ባለሙያ ግን ሴቲቱን ብቻዋን ስታገኛት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለማንም መናገር የለብሽም፤ መጥተሽ ተመርመሪ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉም ወሊዱም በነፃ ነው» ትላታለች።

የአይረን ፎሊክ አሲድ ክኒንን ነገር ከራሴ ጥፋት ጋር ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንዲት ወጣት እናት በስምንተኛው ወሯ ገርጥታ መጣች። የዓይኗን ሽፋን ገልበጥ ሳደርገው ነጭ ነበር። «ክኒኑን ትውጫለሽ?» ስላት አዎ አለች። ቤቷ ስሄድ የሰጠኋት ክኒን በላስቲክ ተጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ተቀምጧል። ምክንያቷን ስጠይቃት አቀርቅራ፣ «ሰገራዬ ጠቆረ፤ ውስጤን ያቃጠለው መስሎኝ ፈራሁ» አለችኝ። በየቀኑ አንድ ዋጪ ብያታለሁ፤ ሰገራ እንደሚያጠቁር ግን አልነገርኳትም። የማቅለሽለሽ ስሜት ቢኖር ማታ ከመኝታ በፊት ወይም ከምግብ ጋር መውሰድ እንደሚቻልም አልነገርኳትም። ክኒኑን የጣለው የእኔ ዝምታ ነበር።

ለዚህ ነው ምክንያቱን ሳይናገሩ መመሪያውን ብቻ መናገር የማይጠቅመው። አይረን ደም ለመሥራት ነው፤ ነፍሰ ጡር ለራሷም ለልጇም ለእንግዴ ልጁም ደም ትሠራለች። ደሟ ያነሰ እናት በወሊድ ጊዜ ሌላዋ የምትቋቋመውን መፍሰስ አትቋቋመውም። ቡናና ሻይ አይረን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዱታል፤ ስለዚህ ክኒኑ ከቡናው ሰዓት ይራቅ። ብርቱካን ወይም ሎሚ ግን ያግዘዋል። «ቡና አትጠጪ» የምትል ባለሙያ እዚህ አገር ሰሚ አታገኝም፤ «ቡናውን ከክኒኑ ሁለት ሰዓት አርቂው» የምትል ግን ትሰማለች። አፈር አማረኝ የምትል ነፍሰ ጡር ብትገጥማትም ሳትስቅ ደሟ እንዲለካ ትላካት፤ አፈር ማማር ብዙ ጊዜ ከአይረን እጥረት ጋር ይያያዛል። ፎሊክ አሲዱ የሚከላከለው የጽንሱን የጀርባ አጥንትና የአንጎል ክፍተት ነው። ይህ የአካል ክፍል የሚገጥመው ከተጸነሰ በ28 ቀን ውስጥ፣ ሴቲቱ ገና ማርገዟን ሳታውቅ ነው። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ቀድማ ብትጀምረው የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ይህን ለአዲስ ሙሽሮች የምትነግር ባለሙያ ባገኝ እጇን እስማለሁ።

አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ። ደም መፍሰስን ማንም አይንቀውም፤ ደም ራሱ ይናገራል። የማይናገረው የደም ግፊቱ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ሲደርስ ወይም ሲያልፍ የእርግዝና ደም ግፊት ነው ይባላል። በዚህ ላይ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከታየ፣ ወይም ኩላሊትን፣ ጉበትንና አንጎልን የነካ ምልክት ካለ ነገሩ ከብዷል። መነሻው ከእንግዴ ልጁ ነው፤ ደም የሚያደርሱለት ሥሮች በሚገባ ሳይሰፉ ሲቀሩ የመላ ሰውነቷ የደም ሥሮች ይታወካሉ። የሚታየው ምልክት ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር በቀኝ በኩል የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት ነው። ካልተያዘ ወደ መንቀጥቀጥ ይሄዳል፤ እናትንም ልጅንም ይገድላል። ከወለደች በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊነሳ ይችላል።

እነዚህ ምልክቶች በእኛ ሰፈር ምን ስም እንዳላቸው አስቡ። ራስ ምታቱ «ምች» ነው፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ይጠጣል። ፊቷ ሲያብጥ «ተስማማሽ፣ ፊትሽ ሞላ፣ አማረብሽ» ትባላለች። መንቀጥቀጡ ሲመጣ ልክፍት ይባላል። ሦስቱም የአደጋ ምልክት ሆነው ሳለ ለሦስቱም ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ማብራሪያ አላቸው፤ ስለዚህ ማንም ወደ ጤና ጣቢያ አይሮጥም። ባለሙያዋ «ከባድ ራስ ምታት አንዱ የአደጋ ምልክት ነው» ብላ ብትሄድ ያችው ሴት ራሷን ባመማት ቀን ነገሩን ከዚያ ትምህርት ጋር አታገናኘውም፤ ያመማት ምች ነዋ! መባል ያለበት እንዲህ ነው፦ «አምስተኛው ወር ካለፈ በኋላ ምች መታኝ ካልሽ፣ መጀመሪያ ግፊትሽን ተለኪ። ሌሊትም ቢሆን አይደር።» ዳማከሴውን መንቀፍ አያስፈልግም። የመለኪያውን ጥብጣብ ክንዷ ላይ አድርጎ ቁጥሩን ማንበብ ግን ሁለት ደቂቃ ነው። የእግር እብጠት ብቻውን በብዙ ነፍሰ ጡሮች የሚታይ ነውና ሁሉንም ማስደንገጥ አይገባም፤ ፊትና እጅ ላይ ሲወጣ ግን ዝም አይባልም። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በጊዜ ከደረሰች ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒት አለ፣ መንቀጥቀጡን የሚከላከል ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መርፌ አለ። የመጨረሻው መፍትሔ ግን መውለድ ነው፤ የሚወለድበትን ጊዜ ሐኪሙ ይወስናል።

ሾተላይም እንዲሁ ቤት ውስጥ ስም ያለው ነገር ነው። ልጅ የማይጸናላት ሴት «ሾተላይ አለባት» ትባላለች፤ ክታብ ይታሰርላታል፣ ጠበል ትሄዳለች። ሕክምናው ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራው የደም አለመጣጣምን ነው። የእናትየዋ የደም ዓይነት አር ኤች ኔጋቲቭ፣ የአባትየው ፖዘቲቭ ሲሆን ጽንሱ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። በወሊድ፣ በውርጃ ወይም በመድማት ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናቱ ሲገባ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ይሠራበታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣል፤ የሚጎዳው ተከታዩ ነው። አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ በ28ኛው ሳምንት ገደማ እና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ያ መከላከያ እንዳይፈጠር ያደርጋል። አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ግን መርፌው አይመልሰውም፤ ስለዚህ የደም ዓይነት የሚጠየቀው በመጀመሪያው እርግዝና ነው። ተደጋጋሚ የልጅ ሞት ሁሉ ከዚህ ይመጣል ማለት አይደለም፤ ቂጥኝም፣ ሌላም ምክንያት አለ። ጠበል የምትሄደውን እናት «ጠበልሽን ተጠመቂ፣ ደምሽንም አስመርምሪ» ማለት ይቻላል፤ እኔ በዚህ መንገድ የነገርኳት ሴት እምቢ ብላኝ አታውቅም።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትን፣ በጾም ወቅት ከንስሐ አባት ጋር ስለ አመጋገብ መመካከርን፣ ኮሶን የመሰለ ጠንካራ የባህል መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ አለመጠጣትን ሁሉም ባለሙያ ስለሚናገረው አልፈዋለሁ። የወሊድ ዝግጅቱ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ።

እናቶች የሚሞቱት በሦስት መዘግየቶች ነው ይባላል፦ ለመሄድ በመወሰን፣ በመንገድ፣ ከደረሱ በኋላ እርዳታ በማግኘት። ከተማ ዳር ሆስፒታል ቅርብ ስለሚመስል ሁለተኛው መዘግየት ይረሳል። በቀን 20 ደቂቃ የሆነው መንገድ ሌሊት በስምንት ሰዓት፣ በክረምት፣ ጭቃው ውስጥ ሌላ መንገድ ነው። የትኛው የባጃጅ ሾፌር ስልኩን ያነሳል? የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የከተማው የእሳትና አደጋ ጊዜ አገልግሎት 939 ነው፤ ሾፌሩ ቤቱን እንዴት ያገኘዋል? የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር ከየትኛው ወፍጮ ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ወደየት እንደሚታጠፍ ባልየው አስቀድሞ በአንድ ትንፋሽ መናገር መቻል አለበት። ደም ቢያስፈልግ ማን ይሰጣል? ትልልቆቹ ልጆች ማን ዘንድ ያድራሉ? ገንዘቡስ በማን እጅ ነው? ይህን ባል ወይም አማት በሌሉበት ለነፍሰ ጡሯ ብቻ መንገር ግማሽ ሥራ ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥ «እንሂድ» የምትለው እሷ አይደለችም።

የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ አገር የምትሄደው ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትጠፋብን ናት። እዚህ ሰባት ወር የተከታተለችው ታሪኳ እዚህ መዝገብ ውስጥ ይቀራል፤ እዚያ ያለው አዋላጅ ግፊቷ ስንት እንደነበር አያውቅም። አትሂጂ ማለት አይሠራም፤ እናት አጠገብ መውለድ የማይናቅ ነገር ነው። የክትትል ካርዷን ከነጠላዋ ጋር አጥፋ እንድትይዝ፣ ከሳምንታት ቀድማ እንድትደርስና በደረሰች ማግሥት ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ብቅ እንድትል መምከር ግን ይቻላል።

እነዚህን ሁሉ የሚሸከሙት ባለሙያዎች ብዙዎቹ ደክመዋል። የሚሞሉት ቅጽ ብዙ ነው፤ የግፊት መለኪያው ባትሪ ሲያልቅ ከራሳቸው ኪስ የሚገዙ አሉ። የዛሬ ስንት ዓመት በተሰጠ ሥልጠና ላይ ቆመው አዲሱን የስምንት ጊዜ ክትትል በወሬ የሰሙም አጋጥመውኛል። ጥፋቱን እነሱ ላይ መጫን ግፍ ነው። ከእነሱ የምጠይቀው አንድ ልማድ ነው፤ ዋጋው ባትሪ እንኳ አያህልም። ትምህርቱ ሲያልቅ «ገባሽ?» አይበሉ፤ «ገባሽ?» ሲባል እምቢ የሚል ሰው የለም። «ማታ ባለቤትሽ ምን አለችሽ ቢልሽ ምን ትይዋለሽ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ውስጥ የጎደለው ባለሙያዋ ያላስረዳችው ነው፤ ዳግም ታስረዳው። የማታውቀው ጥያቄ ሲመጣም «ይህን ጠይቄ እመለሳለሁ» ማለት አያሳፍርም።

በዚያ ቅዳሜ ልጅቷ ይህንኑ አደረገች። ሦስተኛው ቡና ሲወርድ ወደ ሰባት ወሯ ነፍሰ ጡር ዞራ፣ «እስቲ ለባለቤትሽ እንደምትነግሪው ንገሪኝ» አለቻት። ሴቲቱ አፍራ ጀመረች፤ ደም ካየሁ፣ የእንሽርት ውሃ ካመለጠኝ፣ ትኩሳት ካለኝ፣ ልጁ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ እያለች በጣቷ ቆጠረች። አምስተኛው ጣቷ ላይ ስትደርስ ቆመች። እሳቱን እየቆሰቆሱ የነበሩት የቤቱ ባለቤት ቀና ሳይሉ፣ «ምቹን ረሳሽው። ራስሽን ካመመሽ ዳማከሴ ፍለጋ ወደ እኔ አትምጪ፤ መጀመሪያ ተለኪ ተብለሻል» አሏት። ልጅቷ መለኪያውን ከቦርሳዋ አወጣች። ሴቲቱም እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋች።